ቡፌው ለማን ይከፈታል?

ዛሬ ማታ ራታችሁን የት ትበላላችሁ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱን ለአንድ ሳምንት በማስታወሻ ብትይዙት ግን ስለ ቤታችሁ ብዙ ይነግራችኋል። አንዱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ቴሌቪዥን እያየ ይበላል። ሌላዋ ሳህኗን ይዛ መኝታ ቤት ትገባለች፤ ስልኳም አብሯት ይገባል። አባት አምሽቶ ስለሚመጣ ብቻውን ይበላል። እናት ሁሉም ከበላ በኋላ ወጥ ቤት ቆማ ከድስቱ የተረፈውን ትቀማምሳለች። ይህ ሁሉ ሲሆን በሳሎኑ ጥግ ስድስት ወንበር ያለው የምግብ ጠረጴዛ ዳንቴል ለብሶ፣ መሐሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበት፣ ማንም ሳይነካው ያድራል። ከአጠገቡ ቡፌው ቆሟል። በመስተዋቱ ውስጥ ጠርዛቸው ወርቃማ የሆነ ሳህኖች፣ የሻይ ሲኒዎችና ባለ እግር ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ቁልፉ እናት ጋ ነው። ቡፌው የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ነው።

የቤታችንን ምርጥ ነገር በቤቱ ለማይኖሩ ሰዎች ማስቀመጣችን ትክክል ነው? ይህን የምጠይቃችሁ ስለ ዕቃ ለማውራት ብዬ አይደለም። ከእናንተ መካከል አንዳንዶቹ በቅርቡ ትዳር ይይዛሉ፤ አንዳንዶቹ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ተቀብለው ቤት ይከራያሉ፤ የሚበዙት ደግሞ ገና በወላጆቻቸው ቤት ናቸው። ሁላችሁም አንድ ቀን «ይህን ክፍል እንዴት እናሳምረው?» ትላላችሁ። ከዚያ በፊት «የምናሳምረው ለማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ክርስቲያናዊ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ለቡፌው ፍትሐዊ እንሁን። እንግዳን ማክበር በእኛ አገር ጌጥ ብቻ ሳይሆን ሃይማኖት ነው። የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ ማደሪያ ሲለምን የሚሰጠው የቆየ መልስ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል ነው። በዚህ አነጋገር ውስጥ ትልቅ ትምህርተ መለኮት አለ። ቃሉም ይህንኑ ይደግፋል። አብርሃም በማምሬ ዛፍ ሥር ለሦስቱ እንግዶች ጥጃ አሳርዶ፣ እንጎቻ አስጋግሮ፣ እርጎና ወተት አቅርቦ እርሱ ራሱ ቆሞ አስተናገዳቸው። የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊም ይህን እያስታወሰ እንግዳ መቀበልን እንዳንረሳ ይመክረናል። ስለዚህ «እንግዳ ምን ያደርግልናል፤ እኛው እንብላበት» የሚል ሰው የወንጌልንም የአገሩንም መንገድ ስቷል።

ለእናቶቻችንም ፍትሐዊ እንሁን። ያ የሳህን ስብስብ ምናልባት የዕቁብ ገንዘብ ነው፤ ምናልባት የሠርግ ስጦታ ነው፤ ምናልባት እናት ለራሷ ጫማ ሳትገዛ ያጠራቀመችው ነው። የቆለፈችበት ንፉግ ስለሆነች አይደለም። እጥረትን የሚያውቅ ሰው አንድ ደህና ነገር ማስቀመጥን ጥበብ አድርጎ ይማራል፤ ሰው በድንገት ሲመጣ ቤቷ እንዳያፍር ትፈልጋለች። እንግዲህ ይህን መጽሔት ይዛችሁ ወደ ቤት ሄዳችሁ «ተሳስተሻል» እንዳትሏት። የምንነጋገረው ከዚያ ጠለቅ ስላለ ነገር ነው።

ልማድ ያስተምራል። በቃል ያልተነገረውን እንኳ ያስተምራል። ውብ ሳህን ለውጭ ሰው፣ የተሸረፈው ለቤት ሰው በሚሆንበት ቤት ያደገ ልጅ፣ ማንም ሳይነግረው አንድ ነገር ይገባዋል፤ ክብር የሚገባው ከደጅ ለሚመጣ ነው፣ ቤተኛ የተረፈው ይበቃዋል። ነገሩ ሳህን ላይ ቢቆም ባልከፋ ነበር። ግን አይቆምም። ለእንግዳ የምናወጣው ለስላሳ ድምፅ አለ፤ እንግዳው ሲሄድ እርሱም ከሳህኑ ጋር ታጥቦ ቡፌ ይገባል። ለእንግዳ የምናወጣው ትዕግሥት አለ፤ ለእንግዳ የምናወጣው ጥያቄ አለ፤ «ሥራ እንዴት ነው? ጤናህስ? ቤተሰብ ደህና ነው?» እንላለን። ወንድማችንን እንዲህ ብለን ከጠየቅነው ስንት ወር ሆነው?

አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ብለዋል። ከሚቀርበው ምግብ ይልቅ የሚያቀርበው ሰው ፊት ይበልጣል ማለታቸው ነው። ሌላም ብለዋል፤ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ጨርቅ ነው ይባላል። ይህን ስንሰማ እንስቃለን፤ ነገር ግን በሦስት ቀን ወርቅ ጨርቅ የሚሆን ከሆነ፣ ለ18 ዓመት አብራን የኖረች እህታችን ምን ሆናለች? በመዘምራን መካከል ፈገግ ብሎ የሚዘምር፣ በኅብረቱ በር ላይ ቆሞ ሰውን ሁሉ አቅፎ የሚቀበል፣ ቤቱ ሲገባ ግን ለእናቱ ጥያቄ «እ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ወጣት እናውቃለን። ለአገልግሎት የሚከፈት፣ ለቤት የሚቆለፍ ቡፌ በልባችንም ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 እንሂድ። ከትንሣኤ በኋላ ሰባት ደቀ መዛሙርት በጥብርያዶስ ባሕር ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠምዱ አድረው ምንም አልያዙም። ሲነጋ ጌታ በዳር ቆሟል። ወደ ምድር ሲወጡ የከሰል ፍም፣ በላዩ ዓሣ፣ እንጀራም አገኙ። ሞትን ድል የነሣው ጌታ እሳት አያይዞ ቁርስ ሠርቷል። ለማን? ለእንግዳ አይደለም። ለሦስት ዓመት ያህል አብረውት ለበሉ፣ በጨነቀው ሌሊት ትተውት ለሸሹ፣ ላቡና የዓሣው ሽታ ላልለቀቃቸው ለራሱ ሰዎች ነው። ከመካከላቸው አንዱ በሌላ የከሰል እሳት አጠገብ ሦስት ጊዜ የካደው ጴጥሮስ ነበር። ከጴጥሮስ ጋር የሚደረግ ከባድ ንግግር ነበረ፤ ወንጌላዊው ግን ቅደም ተከተሉን ልብ ብሎ ጽፎልናል። ጥያቄው የመጣው ምሳ ከበሉ በኋላ ነው። ጌታ መጀመሪያ አበላው፤ ቀጥሎ ጠየቀው።

በብዙ ቤት ከባድ ንግግር መድረሻ ያጣው ለዚህ ይመስለኛል። ውጤት የተበላሸበት ልጅ፣ ሥራ ያጣ አባት፣ በልቧ ጭንቀት የያዘች እህት የሚናገሩበት ቦታ የለም። ሰው ተጠርቶ «ቁጭ በል፣ እንነጋገር» ሲባል ይደነግጣል፤ ችሎት የቀረበ ይመስለዋል። በየቀኑ አብሮ በሚበላበት ቦታ ግን ነገር ሳይጠራ ይመጣል። ልጁ እንጀራውን እየቆረሰ፣ ዓይኑን ወጡ ላይ አድርጎ፣ «ዛሬ አንድ ነገር ሆነ» ይላል። መዝሙረኛው በመዝሙር 128 እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው በረከቱ የት እንደሚታይ ሲናገር ልጆቹን በማዕዱ ዙሪያ እንዳሉ የወይራ ቡቃያዎች ያያቸዋል። ቡቃያ የሚያድገው አንድ ቀን በተደረገ ድግስ አይደለም፤ በየዕለቱ በሚጠጣው ውሃ ነው።

«እንግዲያው ወደ መሶቡ እንመለስ» የሚል ይኖራል። መሶብ በእውነት የሚያስተምረን ነገር አለው። ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ፣ በቀለም ያጌጠ፣ ጌጥም ገበታም ነው። ውበቱ ለመታየት ብቻ ተለይቶ አልተቀመጠም፤ እንጀራ ተዘርግቶበት ይበላበታል። ክብ ስለሆነ ሁሉም እጁ መሐል ይደርሳል። ነገር ግን ሁሉም ይቀርብ ነበር ብለን ራሳችንን አናታል። በብዙ ቤት አባወራው ከእንግዳው ጋር ሲበላ ልጆች ኩራዝ ይዘው ቆመው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር፤ እናትም ጓዳ ነበረች። የምንፈልገው ያንን መመለስ አይደለም። የምንፈልገው ሁሉም የሚቀርብበትን ገበታ ነው።

«ሁሉም» ስንል ደግሞ አንድ የምንዘላት ሰው አለች። በብዙዎቻችን ቤት ምግቡን የምታበስለው የቤት ሠራተኛ ናት። ዕድሜዋ ብዙ ጊዜ ከእናንተ ዕድሜ አይርቅም። የምትበላው የት ነው? በየትኛው ሳህን? ከማን በኋላ? ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 11 የቆሮንቶስን ምእመናን አጥብቆ የገሠጻቸው በገበታ ጉዳይ ነው። አንዱ ቀድሞ በልቶ ሲጠግብ ሌላው ይራብ ነበር፤ እርሱም ይህን የሌላቸውን ማሳፈር፣ የእግዚአብሔርንም ማኅበር መናቅ ብሎ ጠራው። የጌታ እራት በሚቆረስበት ጉባኤ የተነገረው ቃል በእኛ ሳሎን ዋጋ አያጣም። ከአገራችን ስንት እህቶች ቤሩት፣ ሪያድና ዱባይ በሰው ቤት ወጥ ቤት ብቻቸውን ይበላሉ! እናቶቻቸው እዚህ ሆነው «ልጄን በደግ ዓይን የሚያያት ሰው ስጣት» ብለው ይጸልያሉ። ይኸው ጸሎት ከገጠር ልጇን ወደ እናንተ ቤት የላከች እናትም ጸሎት ነው። እግዚአብሔር መልሱን በእናንተ ገበታ ላይ ሊያደርገው ይችላል።

እንግዲህ ክፍሉን እናሰናዳ። በአማርኛችን ለዚህ ክፍል ስም ማግኘት እንኳ ይቸግራል። «ምግብ ቤት» ብንል ሰው ወደ ሆቴል የጋበዝነው ይመስለዋል፤ «የመመገቢያ ክፍል» የሚለው በመጽሐፍ እንጂ በቤት ብዙ አይሰማም። በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ደግሞ ክፍል የሚባለው የሳሎኑ አንድ ጥግ ነው። ጥግ ይበቃል። የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን በመጀመሪያ የሚቀመጠውን ሰው ማሰብ ነው።

ስለ ጠረጴዛው። በየሱቁ የምናየው ባለ ስድስት ወንበር ረጅም ጠረጴዛ የተሠራው እያንዳንዱ በየራሱ ሳህን ለሚበላበት አገር ነው። እኛ ከአንድ ትሪ ስንበላ በሁለቱ ጫፍ የተቀመጡት እጃቸው አይደርስም፤ ስለዚህ ይነሳሉ፣ ወይም ለብቻ ይቀዳላቸዋል፣ ቀስ በቀስም ወደ ሶፋው ይሄዳሉ። ክብ ጠረጴዛ ለእኛ አበላል ይስማማል። ለአንድ ሰው ከጎን ወደ ጎን 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ይበቃዋል፤ ከዳር እስከ ዳር 120 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያው 377 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ስድስት ሰው ይይዛል፤ ሁሉም ትሪው ላይ ይደርሳል። የጠረጴዛው ከፍታ 75፣ የወንበሩ መቀመጫ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ትከሻ አይደክምም። ያለው ረጅሙ ጠረጴዛ ብቻ ከሆነም ችግር የለም፤ ሁለት ትሪ አቅርቡ። ቦታ ከጠበበ በግድግዳው በኩል አናጢ የሠራው አግዳሚ ወንበር ከሦስት ወንበሮች ያነሰ ቦታ ይወስዳል፤ ልጆችም ተጠጋግተው ይቀመጡበታል።

ስለ ወንበሩ ቁጥር አንድ ደንብ ልስጣችሁ። በቤቱ የሚያድረውን ሰው ሁሉ ቁጠሩ፤ ሠራተኛዋን ሳትረሱ። በዚያ ልክ መቀመጫ ይኑር። ከዚያ አንድ ጨምሩ፤ እርሱ የእንግዳው ነው። ወንበሮቹ አንድ ዓይነት ባይሆኑ ግድ የለም፤ ያገለገለ ወንበር፣ በርጩማም ይሆናል። ቤቱ መዘጋጀቱ የሚታወቀው ወንበሮቹ በመመሳሰላቸው ሳይሆን የሚቆም ሰው ባለመኖሩ ነው።

ጠረጴዛውን የሚታጠብ ነገር አልብሱት። ዳንቴሉ ወጥ እንዳይነካው ልጆችን የምንቆጣ ከሆነ ልጆቹ ከዳንቴሉ አንሰዋል ማለት ነው። በጨርቅ የሚጠረግ የላስቲክ ልብስ፣ ወይም ምንም ያልለበሰ ንጹሕ ጣውላ ይበልጣል፤ ሕፃኑ ውሃ ሲያፈስ ማንም አይደነግጥም። ብርሃኑ ቢጫማ ይሁን፤ ነጩ አምፖል ፊትን ያገረጣል፣ የሱቅ መደርደሪያ ያስመስላል። ግድግዳው ላይ የማታውቁት አገር ፏፏቴ ከሚሰቀል የታናሽ እህታችሁን ሥዕል፣ የአያታችሁን ፎቶ፣ አያታችሁ የሰፉትን ሰፌድ ስቀሉ። ቴሌቪዥኑን ዘወር አድርጉት፤ ወይም ወንበሮቹን ጀርባቸውን ይስጡት። አንድ ትንሽ መሶብ በመግቢያው አስቀምጡና የሁሉም ስልክ እስኪበላ ድረስ ክዳን ተገጥሞበት ይረፍ፤ የአባትም ጭምር። የእጅ ማስታጠቢያውን ተራ በተራ ያዙት። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበው በእራት ሰዓት መሆኑን የሚያውቅ ወጣት ለሠራተኛዋ ውሃ ሲያፈስላት ሌላ ስብከት አያስፈልገውም።

«ሁሉም ነገር የዕለት ከሆነ የእንግዳ ክብር የት ይሄዳል?» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። በዓል በዓል መሆን አለበት፤ ለፋሲካ የሚወጣ ሳህን መኖሩ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን እንግዳ የመጣበትን ቤት አስቡ፤ ሁሉም ደንግጦ የሚሯሯጥበት፣ ልጆች ወደ ጓዳ የሚባረሩበት፣ እናት ራሷ ሳትቀመጥ የምትውልበት። እንግዳው ምግቡን ይበላል፤ ቤተሰቡን ግን አያገኝም። በኤማሁስ መንገድ የሄዱት ሁለቱ እንግዳቸውን ግድ ብለው ያስገቡት መሽቶ ስለነበረ ነው፤ ድግስ አልነበራቸውም። ያለውን ቆርሰው ሊበሉ ተቀመጡ፤ ጌታም በዚያው ታወቃቸው። በየቀኑ ሕይወት ያለበት ገበታ ለእንግዳም ይሞቃል።

ደግሞስ የቡና ስኒያችንን ተመልከቱ። ከዕቃችን ሁሉ የሚሰበረው እርሱ ነው፤ ጆሮ እንኳ የለውም። ሆኖም ማንም ለእንግዳ ብቻ ብሎ አይቆልፍበትም፤ ረከቦት ላይ ተደርድሮ ለጎረቤትም ለቤተኛም በየቀኑ ይቀዳበታል። አንዱ ሲሰበር እናት «በቃ፣ ይሰበር» ትልና ሌላ ትገዛለች። ከቤታችን ወግ የሚደምቀው የትኛው ነው? ስኒው ባለበት አይደለምን? ይህን ደግነት እናቶቻችን ያውቁታል፤ ከቡናው ወደ ራቱ እንዲሻገር ብቻ ነው የቀረን።

የቡፌው ቁልፍ በእጃችሁ አይደለም፤ አዎን። ነገር ግን ለምን እንደተቆለፈ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ይህ ነው፤ እናት ብቻዋን ታጥባለች፣ ብቻዋን ታደርቃለች፣ ሲሰበርም የምታዝነው ብቻዋን ናት። ማንም የማይንከባከበው ነገር ባለቤቱ ይቆልፍበታል። እንግዲህ ከዚያ ጀምሩ። ሳህናችሁን ይዛችሁ ከመኝታ ቤት ውጡ። እናታችሁን ከወጥ ቤት ጠርታችሁ ወንበር ሳቡላት፤ ሳትቀመጥ አትጀምሩ። ከራት በኋላ ዕቃውን እናንተ እጠቡ፤ ወንዶቹም። አንድ ሳምንት ሳይሆን እስክትለምደው ድረስ እጠቡ። የመጀመሪያ ደመወዝ ያገኛችሁ ደግሞ በቤቱ ሰው ቁጥር ልክ ደህና ሳህን ግዙና ቡፌው ውስጥ ሳይሆን እጅ የሚደርስበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። ጠረጴዛ የሌላችሁ፣ በአንዲት ክፍል የተከራያችሁ ወይም በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ያላችሁም ብትሆኑ፣ ሰሌን አንጥፋችሁ የክፍላችሁን ልጅ «እንብላ» ስትሉት ይኸው ገበታ ነው።

«ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚለውን የአባቶቻችንን መልስ እስከ መጨረሻው እንመነው። ቤቱ የእርሱ ከሆነ ደጅ የቆመው ብቻ ሳይሆን ውስጥ ያለነውም እንግዶቹ ነን፤ አባትም፣ እናትም፣ ሠራተኛዋም፣ የሚያኮርፈው ታናሽ ወንድምም። ባለቤቱ ማንንም በተሸረፈ ሳህን አላስተናገደም።

አንድ ማክሰኞ ማታ፣ በዓል ሳይሆን፣ ማንም ሳይመጣ፣ እናታችሁን «ዛሬ በእነዚያ ሳህኖች እንብላ፤ እኔ አጥባቸዋለሁ» በሏት። ምናልባት «ለምን? ማን ይመጣል?» ትላችሁ ይሆናል። «አንቺ» በሏት።